እቴነሽ ሳትጠጣ የሮጠችው ዓርብ

ዶሃ ውስጥ ሽማግሌ ለመሆን አሥር ዓመት ይበቃል። ይህን የምለው ጸጉሬ ሸብቶ አይደለም፤ ገና ነው። ነገር ግን በዚህ ከተማ ሰው ይመጣል፣ ይሠራል፣ ይሄዳል፤ ሕንፃ ይበቅላል፤ ትናንት የዞርክበት አደባባይ ዛሬ ድልድይ ሆኖ ይጠብቅሃል። ስለዚህ አሥር ዓመት የቆየ ሰው «እዚህ ጋ እኮ ድሮ አሸዋ ብቻ ነበር» ብሎ ሲጀምር፣ አዲስ የመጡት የአገር ሽማግሌ እንደሚናገር ጸጥ ብለው ያዳምጡታል። እኔም ሳላስበው ከእነዚህ ሽማግሌዎች አንዱ ሆኛለሁ።

ይህን ሁሉ ያስጀመረኝ ሽታ ነው። ባለፈው የብርድ ወቅት፣ የማስተምራቸው ልጆች ወላጆች በአንድ የዓርብ ጠዋት ሩጫ ላይ አብሬያቸው ውኃና ብርቱካን እንዳድል ጋበዙኝ። ከጠረጴዛ ጀርባ ቆሜ ብርቱካን እሰነጥቃለሁ። ሯጮቹ መጥጠው የጣሉት ልጣጭ አስፋልቱ ላይ በጫማ ሲረገጥ፣ ከባሕሩ ጨው ጋር የተቀላቀለ ሽታ ተነሣ። እጄ ቢላውን እንደያዘ ቆመ። አጠገቤ ያለችው እናት «ቲቸር፣ ምን ሆንክ? ሰው እየመጣ ነው እኮ» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም፤ እቴነሽ ትዝ ብላኝ ነው።

መጀመሪያ ዓርብን ላስረዳ። በዚህ አገር ዕረፍቱ ዓርብ ስለሆነ ቅዳሴውም፣ ገበያውም፣ ዘመድ ጥየቃውም፣ ሩጫውም አንድ ቀን ላይ ይጣበባሉ። እኛም ዓርብ ማለዳ፣ ፀሐይ ከባሕሩ ሳትወጣ፣ ኮርኒሽ በሚባለው የባሕሩ ዳር መንገድ ላይ እንሰባሰብ ነበር፤ ሾፌሮች፣ ዘበኞች፣ ዘ ፐርል በሚባለው ሰፈር ፎቆች ላይ መስታወት የሚያጸዱ ልጆች፣ አንዳንዴም በወር አንድ ዓርብ የሚፈቀድላቸው የቤት ሠራተኞች። ልብሳችንን ያየ ሰው ሯጮች ናቸው አይልም። አንዱ ጀርባው ላይ የድርጅቱ ስም የተጻፈበትን የሥራ ቲሸርት ለብሷል፣ አንዱ ከፓኪስታናዊ የክፍል ጓደኛው የተዋሰውን የክሪኬት ማሊያ፣ እኔ ደግሞ ለማስተማሪያ የገዛሁትን ሸራ ጫማ አድርጌያለሁ። ሴቶቹ በታይት ላይ ቀሚስ ደርበው፣ ሻሽ አስረው ይሮጣሉ። ዛሬ ሁሉም እጁ ላይ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አለው፤ ያኔ የልባችንን ምት የምናውቀው ወሬ መቀጠል ሲያቅተን ነበር።

ከሩጫው በኋላ አል ሰድ ሰፈር፣ ከክሊኒኮቹ ጀርባ ባለች አንዲት የማዕዘን ሻይ ቤት ደጃፍ እንቆም ነበር። ከረክ፣ ማለትም ከወተትና ከቅመም ጋር የሚፈላው ሻይ፣ በወረቀት ኩባያ አንድ ሪያል ነው። በእንቁላል የተጠቀለለው ቂጣ ሁለት ሪያል። ዛሬ ዋጋው ጨምሯል፣ ኩባያው አንሷል፣ ሻይ ቤቷም የለችም፤ በቦታዋ የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ሱቅ ገብቷል። ጾም ሲገባ ከረኩ ይቀርና ሱለይማኒ እናዛለን፤ ሱለይማኒ ጥቁር ሻይ ነው። ጋሽ ደምሴ በየዓመቱ የጾሙ የመጀመሪያ ዓርብ ላይ ሱለይማኒውን ቀና አድርገው እያዩ፣ «ይሄ ሻይ ሳይሆን የሻይ ዜና ዕረፍት ነው» ይሉ ነበር።

ጋሽ ደምሴ የባሕር ዳር ሰው ናቸው፤ ረያን ሰፈር ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበሩ። ባባ የሚሏቸው አሠሪያቸው በሌሉበት ቀን መኪናው ውስጥ የሚከፍቷቸው የድሮ ዘፈኖች ነበሯቸው፤ ሳክስፎኑ ከድምፃዊው በላይ የሚያለቅስባቸው ዓይነት። «ይህን ዘፈን የማያውቅ ከመኪናዬ ይውረድ» ይላሉ፤ እኔ ባላውቀውም አውቀዋለሁ እያልኩ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ። እቴነሽ የምትሠራው ከእሳቸው ቤት ሁለት ግንብ አለፍ ብሎ በሚገኝ ቪላ ነበር። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ስትሮጥ ትከሻዋ የማይነቃነቅ ሴት። የት እንደተለማመደች ስንጠይቃት፣ «ሦስት ፎቅ ደረጃ፣ ከነልብስ ማጠቢያ ቅርጫቱ» ትለናለች።

የትራያትሎኑን ነገር ያመጡት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ትራያትሎን ማለት መዋኘት፣ ብስክሌት መንዳትና መሮጥ በተከታታይ፣ ያለ ዕረፍት ማለት ነው። አንድ ሰው ሦስቱንም ይሠራል፤ ወይም ሦስት ሰዎች እንደ ዱላ ቅብብል ይካፈሉታል። ዱላው ግን ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር፣ ሰዓት የሚመዘግብ ቺፕ ያለበት ማሰሪያ ነው፤ አንዱ ሲጨርስ ፈትቶ ለሚቀጥለው ያስራል። «ሰዉ ሐበሻ ሲያይ የሚታየው ሩጫ ብቻ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ቲቸር ሐይቅ ዳር ያደገ ነው፣ ይዋኛል። እኔ ባሕር ዳር በእግሬ ሳልሄድ በብስክሌት የሄድኩ ነኝ። እቴነሽ ትሮጣለች። ምን ጎደለን?» ብስክሌት ጎደለን። እሱንም አገሩ ከሚገባ የኔፓል ዘበኛ ላይ ገዙ፤ ሰንሰለቱ እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር።

ልንመዘገብ የሄድን ቀን መዝጋቢው ሦስታችንን ተራ በተራ አየና፣ «ሯጮቹን አየሁ፣ ዋናተኛው የታለ?» አለ። እጄን አወጣሁ። ከላይ እስከ ታች አየኝና ዓይኑ እግሬ ላይ ቀረ። ጋሽ ደምሴ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ቅልቅል፣ «እሱ ዓሣ ነው፣ ከሐዋሳ ነው ያጠመድነው» አሉት። ሐዋሳን ባያውቅም ዓሣውን ተረድቶ ሳቀ፤ መዘገበንም።

አሁን ወደ እቴነሽ ጉዳይ ልግባ። እቴነሽ ከአገር ከወጣች ጀምሮ አልቆረበችም። ለምን እንደራቀች አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። በዚያ ዓመት ግን በስልክ ንስሐ ገብታ፣ የንስሐ አባቷ ያዘዙላትን ስግደት በሠራተኛ ክፍሏ ውስጥ፣ በአልጋዋና በልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ መካከል ባለችው ቦታ ላይ ፈጽማ ነበር። «በዚህ ዐቢይ ጾም ቁረቢ» ብለዋታል። በጾሙ ውስጥ ደግሞ የምትወጣበት ዓርብ አንድ ብቻ ነው። ማዳም ቀኑን አስቀድማ ትወስናለች፤ ከወሰነች ኸላስ፣ አይለወጥም።

ውድድሩ መጀመሪያ ከጾሙ በፊት በሚውል ዓርብ ነበር። በዋዜማው ግን የሰሜኑ ነፋስ አቧራውን ይዞ ተነሣ፤ ከባሕሩ ዳር የዘ ፐርል ሕንፃዎች እስከማይታዩ ድረስ ከተማው ቡናማ ሆነ። አዘጋጆቹ በስልክ መልእክት ላኩልን፤ ውድድሩ ወደሚቀጥለው ወር ተዛውሯል። አዲሱን ቀን ሳነብ የእቴነሽ ዓርብ መሆኑን ወዲያው አየሁ።

ሁለቱ በሰዓት አይጋጩም። ውድድሩ ጠዋት ነው፤ በጾሙ ወቅት ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው የሚያልቀው። የሚጋጩት በጉሮሮ ነው። የሚቆርብ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ እንኳ አይቀምስም። እኔ መምህር ስለሆንኩ ማስረዳት እወዳለሁ፤ መኪናው ውስጥ ሆነን ላብ ምን ይዞ እንደሚወጣ፣ ውኃ ያነሰው ሰውነት ውስጥ ልብ እንዴት እንደሚደክም አንድ በአንድ ነገርኳት። በመጨረሻም «ሌላ ሰው እንተካ፣ ለሩጫው ሰው አይጠፋም» አልኳት።

«ሩጫው ሰው አያጣም» አለች። «እኔ ግን ሩጫውን አጣለሁ።»

ጋሽ ደምሴ፣ «እንግዲያው ለንስሐ አባትሽ ደውዪ። የቲቸር ትምህርት ሳያልቅ ጾሙ ያልቃል» አሏት። ደወለች፤ ድምፁን ሁላችንም እንድንሰማው ከፈተችው። አባ ከሩቅ፣ ዶሮ በሚጮህበት ግቢ ውስጥ ሆነው አዳመጧት።

«ሩጫው ግድ ነው ወይ ልጄ? አሠሪዎችሽ ናቸው ያዘዙሽ?»

«አይ አባ። ማንም አላዘዘኝም።»

«ታዲያ?»

«ሳምንቱን ሙሉ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው አባ። ያልታዘዝኩት ይሄን ብቻ ነው።»

  አባ፣ «እንግዲህ ጾምሽን ጠብቂና ሩጪ። ውኃ ከጉሮሮሽ ከወረደ ግን ለዚህ ጾም ይቅርብሽ» አሉ። እቴነሽ ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ያላ፣ እንሂድ» አለች፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጨርሶ የጠራት ያህል በተረጋጋ ድምፅ።

የውድድሩ ቀን ነፋስ አልነበረም፤ ነፋስ አለመኖሩ ግን ለእቴነሽ ክፉ ሆነ። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ስለዘገዩ የመዋኘቱ ክፍል ዘግይቶ ጀመረ፤ ፀሐይዋ አልጠበቀችንም። እኔ ከባሕሩ ከመካከለኞቹ ጋር ወጣሁ። ጨዉ ዓይኔን እያቃጠለኝ ማሰሪያውን ፈትቼ ጋሽ ደምሴ ቁርጭምጭሚት ላይ በኃይል ጎትቼ አሰርኩት። «ቀስ በል፣ የፈረስ ልጓም አይደለም» አሉኝ። ወዲያው ያ ወፍጮ ብስክሌት እየጮኸ ሄደ። ዋጋቸው ከመኪና የሚስተካከል ብስክሌቶች ሽው እያሉ ያልፏቸዋል፤ እሳቸውም ለእያንዳንዱ እጃቸውን እያወዛወዙ መንገድ እንደፈቀዱለት ሁሉ «ፈደል፣ ፈደል» ይላሉ። ሲመለሱ ፊታቸው በላብ ታጥቦ ነበር። ለእቴነሽ ማሰሪያውን ካሰሩላት በኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ፤ እሷም ሄደች።

የሩጫው መንገድ በባሕሩ ዳር እየተመላለሰ ሁለት ጊዜ የሚዞር ነበር። እኛ መታጠፊያው ላይ፣ የውኃና የብርቱካን ጠረጴዛው አጠገብ ቆምን። በመጀመሪያው ዙር ደኅና አለፈች፤ ለሚዘረጋላት ኩባያ ሁሉ እጇን ደረቷ ላይ እያደረገች እምቢ ትላለች። በአጥሩ ማዶ የቆሙ ተመልካቾች «ኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያ» እያሉ ከፊት ያለችውን ሴት እንድትይዛት ያመለክቷታል። ከፊት ያለችው ሴት ጠዋት ጠግባ ጠጥታለች፤ ይህን የሚያውቅ የለም።

በሁለተኛው ዙር ስትመጣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ አፏ ተከፍቶ ነበር። ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ግዙፍ፣ ፊቱ ደግነት የሞላበት ሰው ለደከሙ ሯጮች ውኃ ይረጭ ነበር። እቴነሽን ሲያያት አዘነላት። ሙሉውን ጠርሙስ ፊቷ ላይ አፈሰሰው።

ቆመች። ሰው ከኋላዋ እየተጋጨ አለፈ። ጎንበስ ብላ ተፋች፤ እንደገና ተፋች፤ በቀሚሷ ጫፍ ምላሷን ጠረገች። ያ ደግ ሰው የታመመች መስሎት ሌላ ውኃ ይዞ መጣ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ የመንገዱ አስተናባሪም ሮጦ ደረሰ። «ሳይማ» አለችው እቴነሽ፤ ጾመኛ ነኝ ማለቷ ነው። ሰውየው ግራ ገብቶት «ማፊ ረመዳን» አለ፤ ረመዳን እኮ አይደለም። ጋሽ ደምሴ ደረታቸውን እየነኩ «የኛ ነው፣ የኛ» አሉት። ጾም ለሚያውቅ ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። አስተናባሪው ውኃ የያዘውን ሰው በክንዱ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ በሬዲዮው የእቴነሽን ቁጥር ጠርቶ፣ ከፊት ላሉት ጠረጴዛዎች «ሳይማ፣ ሳይማ» ሲል ሰማሁት።

«ገባ?» አሏት ጋሽ ደምሴ።

«አላወቅኩም።»

«እንግዲህ ከገባ ገብቷል። በቃ ጠጪና እንደ ሰው ሩጪ።»

«ካልገባስ?»

ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ።  አፍ ውስጥ የሚቀረውና ጉሮሮ የሚያልፈው ውኃ እንዴት እንደሚለይ ማስረዳት ጀመርኩ። «ቲቸር፣ ቆይ» አለችኝና አንድ ጊዜ ደግማ ተፍታ ሄደች።

ዛሬ ለክፍሌ ልጆች ስለ ውኃ ሳስተምር፣ ሁሉንም በሰሌዳው ላይ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ምን ያህል እንደሚያስፈልገን፣ ሲጎድል ምን እንደሚሆን። ያቺን የእቴነሽን «ካልገባስ?» ግን የምጽፍበት ቦታ አላገኘሁም። ከጠጣች ሁሉም ነገር ይቀልላት ነበር፤ ጥያቄውም ያበቃ ነበር። እሷ ግን ጥያቄውን ይዛ መሮጥን መረጠች። አሁን አሁን ኮርኒሽ ላይ የሚሮጡትን ልጆች አያለሁ፤ ወገባቸው ላይ ትንንሽ ጠርሙሶች ታጥቀው፣ በስልካቸው የሚቀጥለው ጠረጴዛ የት እንዳለ እያዩ ይሮጣሉ። መልካም ነው፤ እኔም እንደዚያ እንዲያደርጉ ነው የምመክረው። ጋሽ ደምሴ አገራቸው ገብተው ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ይቀመጣሉ፤ አልፎ አልፎ በስልክ ድምፃቸውን ይልኩልኛል፤ ከጀርባቸው ያ ሳክስፎን ይሰማል። እቴነሽ ከዚያ ቤት ከወጣች በኋላ ወሬዋ ጠፋ። አንዱ አገሯ ገብታለች ይላል፣ ሌላው ቤይሩት አየኋት ይላል።

ያን ቀን ሩጫውን ጨረሰች። ፈጥና አልነበረም፤ ብዙ ሰው ቀደማት። መስመሩ ላይ አንዲት ልጅ ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አጥልቃ የተከደነ ጠርሙስ አስታቀፈቻት። እቴነሽ ጠርሙሱን ሳትከፍት እንደታቀፈች ጥላ ሥር ተቀመጠች። የውድድሩ ፊሊፒናዊት ነርስ ልብ ምቷን ስትይዝ ፊቷ ተኮሳተረ፤ እኔ ሻሿን ባሕር ውስጥ ነክሬ አንገቷና እግሯ ላይ አደረግኩ። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ። ነርሷ ዓይኗን ሳትነቅል ለረጅም ጊዜ አጠገቧ ቆየች፤ በኋላ ሄደች።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ጋሽ ደምሴ ዘፈን አልከፈቱም። ከከተማው ወደ ደቡብ፣ የየአገሩ ክርስቲያኖች በየአዳራሻቸው የሚገለገሉበት ግቢ ደርሰን፣ እቴነሽ ታጥባ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ከመግባቷ በፊት ደጁ ላይ የነበሩትን ካህን አስቆመቻቸው። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የረጨው ሰው ደግ መሆኑንም አልደበቀችም።

ካህኑ አገጫቸውን በመስቀላቸው እየነኩ አዳመጧት። «ጠጥተሻል?»

«አላውቅም አባ። ተፍቻለሁ።»

«ልጄ፣ እኔ ጉሮሮሽ ውስጥ አልነበርኩም። ወርዷል ካልሽ ቅሪ። አልወረደም ካልሽ ቅረቢ። ቅዳሴው ረጅም ነው፣ እስኪያልቅ ድረስ ከራስሽ ጋር ተነጋገሪ።»

እሷ ወደ ሴቶች በኩል ገባች፤ እኛ በወንዶች በኩል። ሕዝቡ ብዙ ስለነበር ከበሩ አጠገብ ቆምን። ለቁርባን ሲጠሩ ነጭ በነጭ የሆነ ሰልፍ ከወዲያ በኩል ተንቀሳቀሰ፤ ከነጠላዎቹ መካከል የእሷን መለየት አልቻልኩም። ጋሽ ደምሴ በእግራቸው ጣት ቆመው ለማየት ሞከሩና አንድ ሽማግሌ ገሠጿቸው። ቅዳሴው አለቀ። ወጥተን መኪናው አጠገብ ጠበቅናት። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘምበል ብላለች፤ የግቢው አስፋልት ግን አሁንም ይፋጃል። ሰዉ ተሳስሞ፣ የስልክ ቁጥር ተለዋውጦ፣ ወደየአውቶቡሱ ተበታተነ።

ከመጨረሻዎቹ መካከል ብቅ አለች። ጋሽ ደምሴ ከሩቅ እጃቸውን አንሥተው «እቴነሽ፣ እንግዲህ ምን ወሰንሽ?» ብለው ጮኹ።

አልመለሰችም። ስትቀርብ ነጠላዋ አፍንጫዋ ድረስ ወጥቶ አፏን ሸፍኖት፣ እሷም በእጇ ደግፋው ነበር። የቆረበ ሰው አፉን እንደሚሸፍን ለጋሽ ደምሴ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ያነሡትን እጅ ቀስ ብለው አወረዱ። ከዚያም መኪናውን ዞረው፣ ለማዳም ብቻ የሚከፍቱትን የኋላ በር ከፍተው፣ ገብታ እስክትቀመጥ ጎንበስ እንዳሉ ያዙላት።